ከእንግዴ ልጅ ወደ ሲሪንጅ፦ ለፊት ሽብሽብና ለጠባሳ የሚወጋው ኅብረ ሕዋስ እንዴት ይዘጋጃል?

ከወሊድ በኋላ የሚወጣው እንግዴ ልጅ ሕፃኑን በማኅፀን ሲመግብ፣ ኦክስጅን ሲያቀብለውና የሰውነቱን ቆሻሻ ሲያስወግድለት የቆየ፣ በአማካይ 500 ግራም ገደማ የሚመዝንና 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው አካል ነው። ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ለእናትም ለልጅም ስለማያስፈልግ፣ ማንንም ሳይጎዳ የሚገኝ የሰው ኅብረ ሕዋስ ምንጭ ሆኖ ሐኪሞችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲስብ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ከዚሁ አካል የተዘጋጀ ነገር በመርፌ ሲወጋ የፊት ሽብሽብን ይሞላል፣ የጎደጎደ ጠባሳን ያነሣል እየተባለ ይቀርባል። ሕክምናውን ለመውሰድ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በውስጡ ምን እንዳለ ነው፤ ኮላጅን (የቆዳን መዋቅር የሚሠራ ፕሮቲን) አለው፣ ዕድገትን የሚያነቃቁ ፕሮቲኖች አሉት ይባላል። እኔ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ከማኅፀን ወጥቶ ሲሪንጅ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከኅብረ ሕዋሱ ምን ምን ተወግዷል የሚለው ነው። የዝግጅቱ ድካም ከሞላ ጎደል በማስወገድ ላይ ያረፈ ከመሆኑም በላይ፣ ደኅንነትን ለማረጋገጥ በተወገደው ነገር ልክ ይሰጣል ከተባለው ጥቅምም አብሮ የሚሄድ ነገር አለ።

እንግዴ ልጅ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አንድ ወጥ አካል አይደለም። በመጀመሪያ ወፍራሙና ክቡ ክፍል አለ፤ የደም ሥሮች የተጠላለፉበትና እንደ ስፖንጅ ደም ያዘለ ስለሆነ ይህን ማጽዳት አድካሚ ነው። ከዚህ ክብ ጠርዝ ተነሥቶ ሕፃኑንና የሽርት ውሃውን ከብቦ የሚይዘው ከረጢት ደግሞ በሁለት ሽፋኖች የተሠራ ሲሆን፣ በሕፃኑ በኩል ያለው ስስና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አምኒዮን፣ በእናቲቱ በኩል ያለው ወፈር ያለ ሽፋን ኮሪዮን ይባላል። እትብቱም አለ፤ በውስጡ የደም ሥሮቹን ከመታጠፍ የሚጠብቅ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ የበዛበት ዝልግልግ ነገር ይዟል።

ለመርፌ የሚሆነው ኅብረ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከአምኒዮን ነው። ይህ ሽፋን ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የራሱ የደም ሥርም ነርቭም የሌለው ቢሆንም፣ በቀላሉ የማይበጠስ ጥንካሬ አለው። ጥንካሬውን ያገኘው ከተሸመኑ የኮላጅን ክሮች ሲሆን፣ ላሚኒንና ፋይብሮኔክቲን የሚባሉ ሕዋሳትን ከክሮቹ ጋር የሚያያይዙ ፕሮቲኖችም ይገኙበታል። በዕድሜና በፀሐይ ብዛት እየሳሳ ፊታችን እንዲሸበሸብ የሚያደርገው የቆዳችን ውስጠኛ ሽፋን ዋና መዋቅሩ ኮላጅን ስለሆነ፣ የጎደለውን በሚመስለው መተካት ይቻላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ጠባሳን በሚመለከት ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ። በማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ከእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት በፊት ቆዳው ቢቆስል፣ ቁስሉ ያለ ጠባሳ ይሽራል። ፅንሱን የከበበው ኅብረ ሕዋስ ከዚህ ችሎታ የተወሰነውን ለአዋቂ ቆዳ ሊያካፍል ይችል ይሆናል የሚለው ተስፋ ብዙ ተመራማሪዎችን አነሣሥቷል። ይሁን እንጂ ያለ ጠባሳ የመሻሩ ነገር በዋናነት ከራሱ ከፅንሱ ቆዳ ባሕርይ የመጣ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ታሪኩን በአጭሩ ለመጥቀስ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ጆን ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የፅንስ ሽፋንን ለቆዳ ንቅለ ተከላ መጠቀሙን በጽሑፍ አስታወቀ፤ በ1940 ዴ ሮት የተባለ ሐኪም ለዓይን ሕክምና ተጠቀመበት። በኦዴሳ ይሠራ የነበረው የዓይን ሐኪም ቭላዲሚር ፊላቶቭ በ1930ዎቹ ባስፋፋው የኅብረ ሕዋስ ሕክምና ውስጥ የእንግዴ ልጅ ውጤቶችም ቦታ ነበራቸው፤ በጃፓን ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የእንግዴ ልጅ ጭማቂ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ተፈቅዷል። በ1991 በአሜሪካ ጎሼ ለሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የተፈቀደው ኢንዛይም ከሰው እንግዴ ልጅ ተጣርቶ የሚወጣ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን በላቦራቶሪ በሚረቡ ሕዋሳት በሚመረት ኢንዛይም ተተካ። ስለ አምኒዮን ሽፋን ሲሆን፣ የሕክምና ልምዱ በብዛት የተከማቸው ሽፋኑ ከላይ በሚለጠፍባቸው ሁኔታዎች ነው፤ በቃጠሎ፣ በተጎዳ የዓይን ገጽ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት አልድን ባለ የእግር ቁስል ላይ። ቁስል ላይ የሚለጠፍ ሽፋንና ጤነኛ ፊት ውስጥ የሚገባ መርፌ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የአንዱ ማስረጃ ለሌላው ሊያገለግል አይችልም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወሊዱ በፊት ከእናቲቱ ጋር በሚደረግ ንግግር ነው። እንግዴ ልጇ ለምን እንደሚፈለግ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት፣ ምጥ ላይ ሆና ሳይሆን አስቀድማ ረጋ ባለችበት ጊዜ፣ በጽሑፍ ፈቃዷን ትሰጣለች። ከዚያ የጤና ታሪኳ ይጠየቃል፤ ደሟም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ፣ እንደየአገሩ ሕግም ለሌሎች በሽታዎች ይመረመራል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። አንድ ሰው በቫይረስ በተያዘበት ቀንና ምርመራው ቫይረሱን ለማየት በሚችልበት ቀን መካከል ክፍተት ስላለ፣ ዛሬ ነፃ ነሽ የተባለች እናት በእርግጥ ነፃ ላትሆን ትችላለች። ክፍተቱን ለማጥበብ የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ ይደረጋል፤ ጠንቃቃ የኅብረ ሕዋስ ባንኮች ደግሞ የተሰበሰበውን ሳይጠቀሙ አቆይተው፣ ከ6 ወር በኋላ እናቲቱን በድጋሚ መርምረው ብቻ ይለቁታል። ይህ የቆይታ ጊዜ ገንዘብ የሚያስወጣና ትዕግሥት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በችኮላ ከሚሠራ ቦታ መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው።

ለዚህ ዓላማ የሚመረጠው አስቀድሞ ቀኑ በተወሰነ የቀዶ ሕክምና ወሊድ የወጣ እንግዴ ልጅ ነው። በተፈጥሯዊው መንገድ ሲወለድ ኅብረ ሕዋሱ በመውጫው ላይ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር መነካካቱ ስለማይቀር፣ ገና ከመጀመሪያው ሊጸዳ የሚገባውን ሸክም ያበዛዋል። በቀዶ ሕክምና የወጣው በንጹሕ ዕቃ፣ በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሽየስ ባለ ቅዝቃዜ ወደ ማዘጋጃው ይወሰዳል።

በንጹሕ ክፍሉ ውስጥ፣ አየሩ በተጣራበት ጠረጴዛ ላይ፣ ባለሙያዋ በመጀመሪያ የምትሠራውን በቅርብ ብናይ እንዲህ ነው። እንግዴ ልጁን እትብቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ ትዘረጋዋለች፤ የከረጢቱን ጠርዝ በመቆንጠጫ ይዛ፣ በሌላው እጇ ጣቶች አምኒዮኑን ከኮሪዮኑ ቀስ እያለች ትገፋዋለች። ሁለቱ ሽፋኖች እርስ በርስ የተጣበቁት በለስላሳና ውሃ በያዘ ንብርብር ብቻ ስለሆነ ቢላ አያስፈልግም፤ አምኒዮኑ እትብቱ ሥር እስኪደርስ ድረስ እየተንሸራተተ ይላቀቃል። በእጇ የሚቀረው ጓንቷን የሚያሳይ፣ ከርጥበቱ የተነሣ የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ነው። በላዩ የረጋ ደም እንደ ጥቁር ቀይ ነጥብ ተጣብቆ ይታያል፤ ያ ሁሉ በለስላሳ ጨርቅና በተደጋጋሚ እጥበት አንድ በአንድ ይወገዳል። ደሙ የሚወገደው ለመልክ አይደለም፤ የተቀባዩን ሰውነት የመከላከያ ኃይል የሚቀሰቅሱ የሌላ ሰው ሕዋሳትንና ፕሮቲኖችን የያዘ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ሽፋኑ በፀረ ባክቴሪያና በፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች ድብልቅ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም መድኃኒቶቹ ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ምክንያቱም ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ሰው ቅሪቱ ብቻ አደጋ ነው።

ቀጣዩ ደረጃ ሕዋሳቱን ማስወገድ ነው። የአምኒዮን ሕዋሳት በተፈጥሯቸው የሌላን ሰው መከላከያ ኃይል ብዙም የማያስቆጡ ስለሆኑ፣ አንዳንድ አዘጋጆች ሕዋሳቱን በማድረቅ ብቻ ገድለው በቦታቸው ይተዉአቸዋል። ሌሎች ግን ኮላጅኑን ብቻ ማስቀረት ይፈልጋሉ። ለዚህም በመጀመሪያ ጨው አልባ በሆነ ፈሳሽ ይነክሩታል፤ ሕዋሱ ውሃ እየጠጣ አብጦ ይፈነዳል። ቀጥሎ የሕዋሱን ቅባታማ ሽፋን የሚያሟሙ የማጽጃ ኬሚካሎች፣ በመጨረሻም የተበተነውን ዲ ኤን ኤ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይጨመራሉ። በመስኩ በሰፊው የሚጠቀሰው መለኪያ በእያንዳንዱ ሚሊግራም ደረቅ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ የሚቀረው ዲ ኤን ኤ ከ50 ናኖግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ነገር ግን ማጽጃው ሕዋሱን ሲያጥብ በክሮቹ መካከል የነበሩትን ዕድገት አነቃቂ ፕሮቲኖችም አብሮ ያጥባል፤ ማጽጃው ራሱ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ የተቀባዩን ሕዋሳት ይገድላል። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ከሕዋስ የጸዳ» እና «በዕድገት ፕሮቲኖች የተሞላ» የሚሉ ሁለት ቃላት በአንድ ብልቃጥ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ሲታዩ፣ አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደቀነሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሽፋን እንዳለ በመርፌ ሊያልፍ አይችልምና ወደ ዱቄት መለወጥ አለበት። በመጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ አየሩ በተመጠጠበት ሣጥን ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ይደርቃል። በዚህ መንገድ የደረቀው ሽፋን እንደ ወረቀት ደርቆ ቢገኝም የክሮቹ አቀማመጥ ብዙም አይፈርስም። ቀጥሎ ይፈጫል፤ አፈጫጩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮላጅን ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ የተገመዱበት ፕሮቲን ሲሆን፣ ሙቀት ሲያገኘው ግምዱ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል፤ ጄላቲን ደግሞ በሰውነት ሙቀት ሟሙቶ የሚጠፋ ስለሆነ የሽብሽብን ጎድጓዳ ደግፎ ሊያቆም አይችልም። ወፍጮው በሰበቃ የሚፈጥረውን ሙቀት ለማሸነፍ ኅብረ ሕዋሱ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ፣ እንደ መስታወት ተሰባሪ ሆኖ ይፈጫል። ዱቄቱ በወንፊት ይለያል፤ ምክንያቱም ለፊት የሚመረጠው 27 ቁጥር መርፌ የውስጥ ቀዳዳው 0.21 ሚሊ ሜትር፣ 30 ቁጥሩ ደግሞ 0.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቅንጣቶቹ ከቀዳዳው በእጅጉ ማነስ አለባቸው፤ ክር መሰል የሆኑት እርስ በርስ ተያይዘው ከራሳቸው መጠን በላይ የሆነ ቀዳዳ ይዘጋሉ። ሐኪሙ ዱቄቱን በንጹሕ ጨዋማ ፈሳሽ በጥብጦ ሲገፋ መርፌው ቢዘጋና ኃይል ጨምሮ ቢገፋ፣ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ከቆዳው ሥር እብጠት ሆኖ የሚታይ ክምር ይቀራል።

ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል የምለው የማምከን ደረጃ ነው። እጅግ የተለመደው ዘዴ ምርቱን በመጨረሻው ዕቃው ውስጥ እንደታሸገ 25 ኪሎግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በሚሆን ጋማ ጨረር መምታት ነው። ጨረሩ የባክቴሪያን ዘረ መል ይቆራርጣል፤ የኮላጅንን ሰንሰለትና የዕድገት ፕሮቲኖችንም ግን አይምርም። ጨረሩ ሊደርስባቸው የማይችል ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው የሞቱ ባክቴሪያዎች ጥለውት የሚሄዱት መርዝ ሲሆን፣ ባክቴሪያው ሞቶም እንኳ በመርፌ ቢገባ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል ራሱን በቻለ ምርመራ ይለካል። ሁለተኛው ፕሪዮን ይባላል፤ አጣጣፉ የተዛባና አንጎልን የሚያጠፋ በሽታ የሚያመጣ ፕሮቲን ነው። ፕሪዮንን ለማጥፋት የሚበቃ ሙቀት ወይም ኃይለኛ ኬሚካል ኮላጅኑንም ያጠፋል፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ ያለው መከላከያ የእናቶቹ አመራረጥ ብቻ ነው። የጃፓን ቀይ መስቀል የእንግዴ ልጅ መርፌ የወሰዱ ሰዎች ደም እንዳይለግሱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የከለከለው በመርፌው የታመመ ሰው ስለተገኘ ሳይሆን፣ ይህን ሥጋት ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ስለማይቻል ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ከእያንዳንዱ ዙር ምርት የተወሰደ ናሙና ለ14 ቀናት በማብቀያ ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጦ ምንም አለመብቀሉን ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጋነነ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና ከእትብት ደም ተዘጋጀ የተባለ ምርት በመርፌ ከወሰዱ ሰዎች መካከል 12ቱ በባክቴሪያ ተይዘው ሆስፒታል ገቡ። ባክቴሪያዎቹ ገና ባልተከፈቱ ብልቃጦች ውስጥ ጭምር ስለተገኙ፣ ችግሩ ብልቃጡ መርፌ ወጊው እጅ ከመድረሱ በፊት እንደነበረ ታወቀ። ታማሚው የሚያየው ንጹሕ ክሊኒክና የታሸገ ብልቃጥ ብቻ ነው፤ የተሠራው ሥራ ወይም ያልተሠራው ሥራ ግን በዓይን አይታይም።

በአንድ ስም የሚጠሩ ነገሮች በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸውም ሰዎችን ያሳስታል። እስካሁን የገለጽኩት የኅብረ ሕዋስ ዱቄት መዋቅሩን የጠበቀ ኮላጅን ነው። የእንግዴ ልጅ ጭማቂ የሚባለው ግን በአሲድ፣ በኢንዛይም ወይም በሙቀት ተሰባብሮ በአብዛኛው ወደ አሚኖ አሲዶችና አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮች የተለወጠ ፈሳሽ ስለሆነ ምንም ጎድጓዳ ሊሞላ አይችልም። ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት ወይም ከሕዋስ የሚለቀቁ ኤክሶዞም የሚባሉ ረቂቅ ከረጢቶች አሉበት የሚባለው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ሲሆን፣ ሕይወት ያለው ነገር በጨረር ሊመክን ስለማይችል የብክለት ሥጋቱ ከሁሉም ይበልጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ስለ ኤክሶዞም ምርቶች የማስጠንቀቂያ መግለጫ ማውጣቱ ይታወሳል።

ይኸው መሥሪያ ቤት የኅብረ ሕዋስ ምርትን ለመዳኘት ሁለት ዐበይት ጥያቄዎችን ያነሣል፦ ኅብረ ሕዋሱ ከተፈጥሯዊ ባሕርዩ ሳይርቅ በጥቂቱ ብቻ ተነካክቷል ወይ? የሚሰጠውስ በሰውነት ውስጥ ይሠራው ለነበረው ሥራ ነው ወይ? የአምኒዮን ተፈጥሯዊ ሥራ መሸፈን ነው፤ ሲፈጭ ሽፋንነቱ ይቀራል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 መሥሪያ ቤቱ የተፈጨ አምኒዮን እንደ ተራ የተለገሰ ኅብረ ሕዋስ ሳይሆን እንደ ሥነ ሕይወታዊ መድኃኒት ተቆጥሮ በሰው ላይ በሚደረግ ጥናት መረጋገጥ አለበት የሚል አቋም ያዘ፤ ለአምራቾች ሰጥቶት የነበረው የእፎይታ ጊዜም እ.ኤ.አ. በ2021 አበቃ። በአሜሪካ ለፊት ሽብሽብ የተፈቀደ የእንግዴ ልጅ መርፌ የለም። በአውሮፓ ኅብረትም ከሰው የተገኘ ሕዋስና ኅብረ ሕዋስ ወደ ውበት መጠበቂያ ምርቶች እንዳይገባ በሕግ ተከልክሏል።

ዱቄቱ ከቆዳ ሥር ሲገባ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ጠባሳን በዓይነቱ መለየት ያስፈልጋል። ከብጉር ወይም ከፈንጣጣ መሰል በሽታ የሚቀረው የጎደጎደ ጠባሳ ከሥሩ ኮላጅን የጎደለበት ስለሆነ የሚሞላው ነገር ሲያገኝ ከፍ ሊል ይችላል፤ ጠባሳው ከሥር ካለው ሥጋ ጋር በክር ተይዞ ከሆነ ግን ክሩ በመርፌ ካልተቆረጠ የሚወጋው ነገር ወደ ጎን ሸሽቶ ጠባሳውን ይበልጥ ጎድጓዳ ያስመስለዋል። ያበጠውና ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ጠባሳ ደግሞ ኮላጅን የበዛበት ነውና ተጨማሪ ኮላጅን መስጠት ትርጉም የለውም፤ እንዲህ ያለ ጠባሳ በቀላሉ የሚወጣበት ሰው በመርፌው ቀዳዳ ላይ እንኳ አዲስ ሊወጣበት ይችላል። የተሰጠው ኮላጅን በጊዜ ሂደት በሰውነት ኢንዛይሞች ተፈጭቶ ያልቃል፤ ስለዚህ ውጤቱ ጊዜያዊ ነው። ከሁሉም የከፋው አደጋ ቅንጣቶቹ በስሕተት ደም ሥር ውስጥ መግባታቸው ነው። በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ዓይንን ከሚመግቡት ጋር ስለሚገናኙ፣ እዚያ የተወጋ ማንኛውም መሙያ ቆዳን ሊያሞት፣ ዓይንንም በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሳውር ይችላል። ሌላው የሽብሽብ መሙያ የሆነውን ሃያሉሮኒክ አሲድ የተወጋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ሐኪሙ ወዲያው የሚያሟሟ ኢንዛይም ሊወጋለት ይችላል፤ ለኮላጅን ዱቄት ግን ለዚህ አገልግሎት የተዘጋጀ ማሟሟያ የለም።

በትክክል የተዘጋጀ ብልቃጥ በላዩ የሚላጥ ቁጥር ተለጥፎበት ይመጣል። ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት ቁጥሩን ልጦ በታካሚው መዝገብ ላይ ይለጥፈዋል። በዚያ ቁጥር ተነሥቶ የተፈጨበትን ቀን፣ ጨረር ያገኘበትን ዙር፣ የ14 ቀኑን የምርመራ ውጤት፣ በመጨረሻም ስሟ ሳይጠቀስ እናቲቱን ማግኘት ይቻላል። እርሷ ከወራት በኋላ ታማ ብትገኝ፣ ከእርሷ የተዘጋጀውን የወሰዱ ሰዎች ሁሉ ተፈልገው የሚመረመሩት በዚህ ብቻ ነው። መርፌው ሊሰጠው የተቀመጠ ሰው ይህ ቁጥር የት እንዳለ ጠይቆ በዓይኑ ሊያየው ይችላል።